የዲትሮይቷ ብዙነሽ

«የስድሳዎቹ ዘፈን» ሲባል ፈረንጁ የሚያስበውና እኛ የምናስበው ዘመን አይገጥምም። እነሱ ቢትልስን፣ ሳም ኩክን፣ ኦቲስ ሬዲንግን ያነሳሉ። የኛ ስድሳዎቹ የሚጀምሩት እነሱ ሊጨርሱ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀራቸው ነው። እንደኔ አሰላ ላይ ሆኖ ለሚቆጥር ደግሞ ዘመኑ ወለል ብሎ ይታያል። በ1960 ዓ.ም. ስዊድኖቹ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ እኛ ካዱ የምንለውን፣ ይዘው መጡ። በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት አዲስ አበባ ላይ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። በ1966 አብዮቱ ፈነዳ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ የሰዓት እላፊው ደግሞ የሌሊቱን ጭፈራ ቤት ዘጋው። ዛሬ ስንሰማው ሆዳችን የሚባባለት ዘፈን አብዛኛው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ የተቀዳ ነው።

በሰፈራችን አንድ ጡረተኛ መምህር ቅዳሜ ከሰዓት ሸክላ ያጫውታሉ። ጋሼ እንላቸዋለን። ቤታቸው የገባ ሰው ሕግ አለበት፤ ሸክላውን የሚነኩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ጠርዙን በሁለት መዳፋቸው ይዘው በለስላሳ ጨርቅ ዞር ዞር እያደረጉ ያብሱታል። ለመሃሉ ሰፊ ቀዳዳ የምትሆነውን ክብ ፕላስቲክ ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ። መርፌዋ እንዳትዘል ደግሞ ክንዷ ላይ አንዲት ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ከዚያ በኋላ ወሬ ክልክል ነው። አንድ ጎረምሳ ዘፈኑ መሃል ላይ ስለ ሌላ ዘፈን ሊያወራ ሲጀምር «ዝም ብለህ ስማ እንጂ ልጄ፣ ሦስት ደቂቃ እኮ ናት!» አሉት። እውነታቸውን ነው። ባለ 45 ዙር ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት አራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ዘፋኙም አቀናባሪውም ይህን አውቀው ስለሚሠሩ ማንዛዛት የሚባል ነገር የለም። ጡሩምባው ከተነፋበት ቅጽበት ጀምሮ ሁሉም ሥራ ላይ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሶል የሚባለው ዘፈን ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ወጣ ይባላል። የኛ የወጣው ከጦር ካምፕ ነው። ክብር ዘበኛ፣ ምድር ጦር፣ ፖሊስ ሠራዊት እያንዳንዳቸው ባንድ ነበራቸው፤ ሳክስፎንና ትራምፔት የሚነፋው ሰው ጠዋት ሰልፍ ላይ ማርሽ ሲያሰማ ያረፈደ ወታደር ነው። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ተነስቶ ክብር ዘበኛ ገባ። ብዙነሽ በቀለም እዚያው ነበረች። አሪዞና በሚባል ክበብ ተላላኪ የነበረው የመርካቶው ሊስትሮ ማሕሙድ አሕመድም ወደዚያው ተሳበ። ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ ኦርኬስትራ ጀመረ። የጄምስ ብራውን ሸክላ አስመራ ቃኘው ጣቢያ ባሉት አሜሪካውያን በኩል ሲመጣ፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በየትምህርት ቤቱ የተሰማሩት የሰላም ጓድ መምህራንም ዘፈናቸውን ይዘው ሲመጡ፣ ያንን ድምፅ መልሶ ሊነፋ የሚችል የሠለጠነ የነፋሾች ቡድን ካምፑ ውስጥ ደመወዝ እየበላ ተቀምጦ ነበር። ለዚህ ዝግጅት እነ ነርሲስ ናልባንዲያን ያሉ የሙዚቃ መምህራን የደከሙት ድካም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

«ታዲያ ቀዱ እንጂ ምን ፈጠሩ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ዓለማየሁ በጎረምሳነቱ የኤልቪስን ዘፈን ይዘፍን፣ እንደ ኤልቪስም ይለብስ እንደነበር አልክድም። የአሰላ ሰው ግን ይህን ክርክር መፍታት አይቸግረውም። ካዱ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ሲያዳቅል የተወለደችውን ጊደር ስዊድናዊት ናት ያለ የለም። የጭላሎን ሣር ግጣ፣ የጭላሎን ብርድ ችላ የታለበች የኛው ላም ናት። ዘፈኑም እንደዚያው ነው። ከበሮውና ቤዙ የሜምፊስን የሶል መንገድ ቢይዙም ዜማው ትዝታ ወይም ባቲ ወይም አንቺ ሆዬ ላይ ቆሞ ነው የሚንገዳገደው፤ ጉሮሮውም የአዝማሪ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በፈረንጆቹ 1966 ኒውዮርክ ላይ ላወጣቸው ሁለት አልበሞች «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ስም የሰጠው እንዲሁ ለማሳመር አልነበረም።

እስቲ የዓለማየሁን «ተማር ልጄ» ውሰዱ። የዓለም ሶል ዘፋኝ ሁሉ ወገቡን እያወዛወዘ ስለ ፍቅር ሲጮህ፣ ዓለማየሁ በዚያው ምት፣ በዚያው ጩኸት፣ ልጅ ተቀምጦ እንዲያጠና ይመክራል! ምክር እንዲህ ያስጨፍራል ብሎ ማን ያስባል? ነፋሾቹ ቆረጥ ቆረጥ እያደረጉ ይገባሉ፤ እሱ ግማሹን ያወራዋል፣ ግማሹን ይዘፍነዋል፣ ሲብስበት ይጮኸዋል። በሠርግ ላይ ሲከፈት አጎቶች የሚጨፍሩበት፣ ልጆች ደግሞ ዓይን የሚሰብሩበት ዘፈን እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጋሼ በመምህርነታቸው ዘመን የክፍል ኃላፊ ሳሉ ተማሪዎቻቸውን በዚህ ዘፈን ያስፈራሩ እንደነበር ይናገራሉ፤ አምናለሁ።

ስለ ብዙነሽ ግን ቅሬታ አለኝ። «የኢትዮጵያዋ አሬታ ፍራንክሊን» ትባላለች። ዓለማየሁም «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፣ አንዳንዴም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» ነው። ለውጭ ጋዜጣ አንባቢ ማስተዋወቂያ ከሆነ ይሁን፤ እኛ ለራሳችን ስናወራ ምን ቤት ነው? አሬታ በፈረንጆቹ 1967 «ሪስፔክት»ን አውጥታ ዓለም ሲያውቃት፣ የሐረሯ ልጅ ብዙነሽ በክብር ዘበኛ መድረክ ላይ ስሟ የገነነ ዘፋኝ ነበረች። አሬታን «የዲትሮይቷ ብዙነሽ» ያላት አሜሪካዊ አላጋጠመኝም። የብዙነሽ ድምፅ አይቸኩልም። ባንዱ እየገፋት እንኳ እሷ ቃሉን በራሷ ጊዜ ታስቀምጠዋለች፤ ከምቱ በስተኋላ ትንሽ ቀረት ትልና፣ ጠፋች ሲሉ ቤቱ መድፊያ ላይ ትደርሳለች። ይህን ከማንም የቀዳችው አይመስለኝም።

እነዚህ ድምፆች ሸክላ ላይ መቅረታቸው ራሱ ዕድል ነው። ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ ያንን አዋጅ እያወቀ ጣሰው። የመጀመሪያውን ሸክላ፣ የዓለማየሁን «ትማርኪያለሽ»ን፣ ህንድ አገር አሳትሞ አስገባ። የታሰረ የለም፤ ሸክላው ተሸጠ፤ ሌሎች አሳታሚዎችም ተከተሉት። አምሃ እስከ አብዮቱ ማግሥት ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላና ደርዘን ያህል ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። ሕግ መጣስ ጥሩ ነው አልልም፤ ያኛው ግን የሚጣስ ሕግ ነበር።

ወደ ጋሼ የሸክላ ሳጥን ልመለስ። ከዓለማየሁና ከብዙነሽ ጎን ዓሊ ቢራ አለ። የድሬዳዋው ልጅ ከአፍረን ቀሎ ቡድን ጋር ገና ታዳጊ ሳለ በዘፈነው ዘፈን «ቢራ» ተባለ፤ በኋላ እሱም ክብር ዘበኛ ገባ። ጥላሁንም አለ፤ ወሊሶ ያደገው ጥላሁን «አካም ነጉማ ፈዩማ»ን በኦሮምኛ ሲዘፍን። አሰላ ላይ ይህ ሁሉ የአንድ ቤት ዕቃ ነው። ጋሼ ቤት ከተሰበሰብነው ግማሹ በአማርኛው ሲያንጎራጉር ግማሹ በኦሮምኛው ይቀበላል፤ ሁለቱንም የማይችል ካለ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። የፈረንሳዩ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ አልበም በ1990 ዓ.ም. ገደማ መውጣት ሲጀምር ዓለም እነዚህን ዘፈኖች አወቀ፤ ለአዘጋጁ ለፍራንሲስ ፋልሴቶ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን ሙሉ በሙሉ ለዓሊ ቢራ የተሰጠው ቅጽ 28ኛው ነው። አዘጋጁ ፈረንሳዊ ነውና ብዙም አልወቅሰውም። ተራውን ማስተካከል የነበረብን እኛ ነበርን።

አሁን ወጣቱ ዘፈን የሚለዋወጠው በቴሌግራም ነው፤ ደስ ይለኛል። ደስ የማይለኝ አንድ ነገር አለ። ፋይሉ ሲመጣ ስሙ «የድሮ ዘፈን 14» ይላል፤ አንዳንዴ የዘፋኙ ስም እንኳ የለውም። ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረው፣ የተጫወተው ባንድ፣ ሁሉም ጠፍተዋል። ግርማ በየነን አስቡት። ፒያኒስት ነው፣ ዘፋኝ ነው፣ በዚያ ዘመን ከ60 በላይ ዘፈኖችን ያቀናበረ ሰው ነው። አሜሪካ ተሰዶ ለዓመታት ነዳጅ ማደያ ሲሠራ፣ እሱ ያቀናበረውን ዘፈን እየከፈተ ነዳጅ የቀዳ ደንበኛ ኖሮ ይሆናል፤ ማንነቱን ግን በምን ያውቃል? በፈረንጆቹ 2017 በስሙ አልበም ሲወጣ ነው ብዙዎቻችን «ለካ እሱ ነው» ያልነው።

ስለዚህ አንባቢዎች ሆይ፣ ዘፈን ስታጋሩ ስሙን ጻፉ፤ ዘፋኙን፣ አቀናባሪውን፣ ባንዱን፣ የምታውቁትን ያህል። ቤታችሁ ውስጥ የአባት ወይም የአያት ሸክላ ካለ ከጣሪያ ሥር አውርዱት፤ የአሰላ እርጥበት ለሽፋኑ ወረቀት አይራራም። ሰብሳቢዎች ውጭ አገር በውድ እንደሚገዙት ሰምታችሁ ልትሸጡት ካሰባችሁ እንኳ በቅድሚያ ቅዱት፣ ጽሑፉንም ፎቶ አንሱት። በጉልበት አንድ ድምፅ ብቻ ምረጥ ብባል የብዙነሽን እመርጣለሁ። ጥላሁን ይበልጣል የሚል ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ሸክላውን ይዞ ይምጣና ይከራከረኝ።