የሚደመጠው ብዙ፣ የሚደርሰው ጥቂት፤ የሙዚቃ ገቢ በበይነ መረብ ዘመን

በገበያ ቀን ወደ ከተማ ብቅ ያለ አርሶ አደር ጨውና ዘይቱን ከሸመተ በኋላ ስልኩን ይዞ ወደ ሞባይል ጥገና ቤት ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። ጥቂት ብር ይከፍላል፤ ባለሱቁም ከኮምፒዩተሩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን በሚሞሪ ካርዱ ላይ ይጭንለታል። ያ ካርድ በእርሻ ላይ፣ በአጨዳና በውቂያ ወቅት፣ በምሽት ጨዋታም ያገለግላል። በከተማ የሚኖር ወጣት ያንኑ ዘፈን በዩቲዩብ ይከፍታል፤ ጓደኛው ከቴሌግራም ያወርደዋል፤ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር የሀገር ልጅ ደግሞ ወርኃዊ ክፍያ በሚጠይቅ መተግበሪያ ያደምጠዋል። ዘፈኑ አንድ ነው። ወደ ድምፃዊው፣ ወደ ግጥምና ዜማ ደራሲው እንዲሁም ወደ አቀናባሪው የሚመለሰው ገንዘብ ግን በአራቱም መንገዶች የተለያየ ነው፤ በሚሞሪ ካርዱና በቴሌግራሙ በኩል ደግሞ በአብዛኛው ምንም አይመለስም።

የሙዚቃ ሥራ እንደ ማንኛውም ሥራ ወጪ አለው። የስቱዲዮ ኪራይ፣ የሙዚቀኞች ክፍያ፣ የግጥምና የዜማ ዋጋ፣ የምስል ቀረጻ ሁሉም ዘፈኑ ለአድማጭ ከመድረሱ በፊት የሚከፈሉ ናቸው። ይህ ወጪ በምን ይመለሳል? ካልተመለሰስ ነገ ማን ያዜማል? ጥያቄው የባለሙያዎቹ ብቻ ሳይኾን የአድማጩም የሚኾነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሸክላ እስከ ስልክ

በኢትዮጵያ ዘፈን ለረጅም ዘመን በእጅ የሚያዝ ዕቃ ነበር። የሸክላ ኅትመት በሀገር ፍቅር እጅ ብቻ ተይዞ በነበረበት ዘመን አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም የግል የሙዚቃ አሳታሚ ድርጅታቸውን አቋቁመው ዛሬም በዓለም የሚደመጡ ሥራዎችን አሳትመዋል። ሸክላውን ካሴት ተካው፤ ካሴቱንም ሲዲ። ዕቃው ቢለዋወጥም አሠራሩ ብዙም አልተለወጠም። ሙዚቃ ቤቱ ለድምፃዊው በአንድ ጊዜ ቁርጥ ገንዘብ ይከፍላል፤ ካሴቱን አባዝቶ ይሸጣል፤ ትርፉም ኪሳራውም የራሱ ይኾናል።

ይህ አሠራር ለባለሙያው ሁለት ገጽታ ነበረው። ገንዘቡ አስቀድሞ በእጅ ስለሚገባ አስተማማኝ ነበር። ዘፈኑ ከዓመት ዓመት ሲሸጥ ግን ባለሙያው ከሽያጩ ድርሻ አልነበረውም። በላዩ ላይ ሕገ ወጥ ቅጂ ገበያውን አጥለቀለቀው። ይህን ለመግታት የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጣ። አዋጁ የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት ይጠብቃል፤ መብቱን ኾን ብሎ በሚጥስ ሰው ላይም ከ5 እስከ 10 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ደንግጓል። ሕጉ የወጣው ግን ዘፈን በካሴትና በሲዲ ይሸጥ በነበረበት ጊዜ ነው። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ካሴቱም ሲዲውም ከመደርደሪያ ወረዱ።

አንድ ጎተራ፣ ብዙ ዘር

በዓለም አቀፍ ደረጃ ዘፈኑን ዕቃ አድርጎ ከመግዛት ይልቅ በኢንተርኔት እየከፈቱ ማድመጥ፣ ባለሙያዎቹ ስትሪሚንግ የሚሉት፣ ዋናው የሙዚቃ ገበያ ኾኗል። የዓለም አቀፉ የሙዚቃ አሳታሚዎች ፌዴሬሽን እንዳስታወቀው እ.አ.አ በ2024 ከተቀረጸ ሙዚቃ የተገኘው የዓለም ገቢ 29 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ከዚህ ውስጥ 69 በመቶው የመጣው ከስትሪሚንግ ነው። ስፖቲፋይ የተሰኘው የስዊድን ኩባንያ ብቻውን በዚያው ዓመት ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ለባለመብቶች መክፈሉን ገልጿል። ገንዘቡ አለ ማለት ነው። አከፋፈሉ ግን ማብራሪያ ይፈልጋል።

ብዙዎች አንድ ዘፈን በተደመጠ ቁጥር የተወሰነ ሳንቲም ለባለቤቱ የሚገባ ይመስላቸዋል። አብዛኞቹ ትልልቅ መተግበሪያዎች የሚከተሉት አሠራር ግን ሌላ ነው። ከአድማጮች ሁሉ የተሰበሰበው ክፍያ በአንድ ጎተራ ይጠራቀማል፤ ኩባንያው በግምት አንድ ሦስተኛውን ለራሱ ያስቀራል፤ የቀረው እያንዳንዱ ዘፈን ከጠቅላላው የማድመጥ ብዛት በያዘው ድርሻ ልክ ይከፋፈላል።

በምሳሌ ይታይ። አንድ አርሶ አደርና አንድ የከተማ ወጣት በወር 100 ብር፣ 100 ብር ከፈሉ እንበል። መተግበሪያው 60 ብር ቢወስድ ጎተራው ውስጥ 140 ብር ይቀራል። አርሶ አደሩ በወሩ ውስጥ አንድ ማሲንቆ ተጫዋችን 20 ጊዜ ብቻ አደመጠ። ወጣቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ አንድ ታዋቂ ድምፃዊን 180 ጊዜ ሰማ። በጠቅላላው 200 ጊዜ ተደምጧል፤ የማሲንቆ ተጫዋቹ ድርሻ አንድ አሥረኛ ነው። ስለዚህ 14 ብር ይደርሰዋል፤ ታዋቂው ድምፃዊ ደግሞ 126 ብር ይወስዳል። አርሶ አደሩ ከከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ሰምቶት ለማያውቀው ሰው ሄደ ማለት ነው።

ይህን አሠራር የሚቃወሙ ወገኖች እያንዳንዱ አድማጭ የከፈለው ገንዘብ እርሱ ላደመጣቸው ብቻ ይከፋፈል ይላሉ። ያ ቢኾን ከላይ ባለው ምሳሌ ሁለቱም ባለሙያዎች 70፣ 70 ብር ያገኙ ነበር። ሳውንድክላውድ የተባለው መተግበሪያ እ.አ.አ በ2021 ይህን አሠራር መከተል ጀምሯል። ስፖቲፋይ በበኩሉ ከ2024 ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ 1 ሺህ ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ክፍያ እንዳያገኝ ወስኗል። ኩባንያው ውሳኔው ጥቃቅን ክፍያዎች ሳይባክኑ ወደ ሌሎች ባለሙያዎች እንዲደርሱ የሚረዳ ነው ይላል፤ ጀማሪና አነስተኛ አድማጭ ያላቸው ሙዚቀኞች ግን በሩ እንደተዘጋባቸው ይሰማቸዋል።

ለአዝማሪ ባህል ቅርብ የኾነ ሰው ይህን ክርክር ለመረዳት አይቸገርም። በጎንደርም ኾነ በሌሎች ከተሞች አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሽልማቱን የሚሰጠው ልቡን ለነካው ለዚያው አዝማሪ ነው። በሰጪና በተቀባይ መካከል ጎተራ የለም።

የዕይታ ብዛትና የገንዘብ ልክ

ለአማርኛ ሙዚቃ እስካሁን ሰፊው አደባባይ ዩቲዩብ ነው። ተመልካቹ በቀጥታ ለዘፈኑ አይከፍልም፤ ገቢው የሚመጣው ከማስታወቂያ ነው። ዩቲዩብ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ ከሚታይ ማስታወቂያ ገቢ 55 በመቶውን ለቻናሉ ባለቤት ይሰጣል። ማስታወቂያ አስነጋሪው የሚከፍለው ዋጋ ግን እንደ ተመልካቹ ሀገር ይለያያል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ የሚኖር ተመልካች ያየው ማስታወቂያ በደብረ ማርቆስ ወይም በወልድያ ከታየው እጅግ የላቀ ዋጋ አለው። ስለዚህ እኩል የዕይታ ቁጥር ያላቸው ሁለት ዘፈኖች የሚያስገኙት ገንዘብ የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል። ለገጠሩ ሕዝብ የሚያዜም ድምፃዊ አድማጩ ቢበዛም ገቢው የሚያንስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከዚህ የሚከብደው ግን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። ገንዘቡ የሚገባው ለቻናሉ ባለቤት ነው። ባለቤቱ ድምፃዊው ራሱ ሊኾን ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን አሳታሚው ነው። የካሴት ዘመኑ የቁርጥ ክፍያ ውል ሳይለወጥ ወደ አዲሱ ዘመን ሲሻገር ግጥም ጸሐፊው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው ይወጣሉ፤ ዘፈኑ ግን ለዓመታት ገንዘብ ሲያስገባ ይኖራል። ቀደም ሲል ካሴቱ ተሽጦ ያልቅ ነበር፤ በበይነ መረብ ላይ የተጫነ ዘፈን ግን አያልቅም። አንድ ባለሙያ ዛሬ በቁርጥ የሚሸጠው የወደፊት ዘመኑን ገቢ ጭምር ነው።

ጉዳቱ በአዝማሪዎች ላይ ይበረታል። በሠርግ ወይም በበዓል ላይ የተጫወተውን አዝማሪ በስልክ ቀርጾ በራስ ቻናል መጫን እንደ ነውር አይቆጠርም። አዋጁ ግን ማንኛውም ተጫዋች ክዋኔው እንዳይቀረጽ ወይም እንዳይሰራጭ የመከልከል፣ ሲፈልግም የመፍቀድ መብት ይሰጠዋል። መብቱን የሚያውቅና ከሶ የሚከራከር አዝማሪ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም።

የሀገር ውስጥ ሙከራ

ችግሩን ቀድመው ያዩ ባለሙያዎች መፍትሔ ፍለጋ ደክመዋል። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከድምፃውያን ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ጋር በመኾን በ2011 ዓ.ም አውታር የተሰኘውን መተግበሪያ ለሕዝብ አቅርቧል። ሐሳቡ አድማጩ በሀገሩ ገንዘብ ለዘፈኑ በቀጥታ የሚከፍልበትን መንገድ መክፈት ነበር። ኤልያስ በመስከረም 2012 ዓ.ም ከዚህ ዓለም ቢለይም ሐሳቡ አልቀረም፤ ሰዋስውን የመሰሉ መተግበሪያዎችም ተከትለው መጥተዋል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ የቴሌብር አገልግሎት መስፋፋቱ ደግሞ ባንክ ቤት ሳይሄዱ ትንሽ ገንዘብ መክፈል አስችሏል።

ይኹን እንጂ የኢንተርኔት ዋጋ ትልቅ እንቅፋት ነው። በመካከለኛ ጥራት የሚደመጥ የ5 ደቂቃ ዘፈን ወደ 5 ሜጋባይት ገደማ ይፈጃል፤ ይህን ዘፈን በኢንተርኔት 100 ጊዜ የሚያደምጥ ሰው ግማሽ ጊጋባይት ያህል ያወጣል። ሚሞሪ ካርድ ላይ የተጫነው ግን አንድ ጊዜ ተከፍሎበት ሺህ ጊዜ ይደመጣል፤ ኔትወርክም አይጠይቅም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ዘፈን የተደመጠው በዚሁ ካርድና በሬዲዮ ነበር። ስለዚህ ገጠሩን የረሳ የክፍያ ሥርዓት ሰፊውን አድማጭ ረስቷል ማለት ነው።

የተለወጠው ጆሮ

ለውጡ በገቢ ላይ ብቻ አልቆመም። በካሴት ዘመን አንድ አልበም ሲወጣ ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ሻይ ቤቱ ሁሉ በአንድነት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ያደምጠው ነበር። ዛሬ ብዙ ድምፃውያን ነጠላ ዜማ ማውጣትን ይመርጣሉ፤ አድማጩም በጆሮ ማዳመጫው ለብቻው ይሰማል፤ ካልጣመው በጣቱ ያልፈዋል። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው። እ.አ.አ በ2017 የታተመ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት በአሜሪካ ታዋቂ ዘፈኖች ላይ ድምፅ ከመግባቱ በፊት ያለው የመሣሪያ መግቢያ በ1980ዎቹ አጋማሽ ከነበረበት 20 ሰከንድ በላይ በ2015 ወደ 5 ሰከንድ ገደማ ማጠሩን አሳይቷል። ማጠሩ ስትሪሚንግ ከመምጣቱ በፊት የጀመረ ቢኾንም አዲሱ የአደማመጥ ልማድ አባብሶታል።

ይህ ለአማርኛ ሙዚቃ ቀላል ነገር አይደለም። ትዝታ በዝግታ የሚገባ ነው። ማሲንቆ መንገዱን ጠርጎ ነው ድምፃዊውን የሚጠራው። የሰምና ወርቅ ግጥም ወርቁ የሚገኘው ደጋግሞ ላደመጠ፣ ቆም ብሎም ላሰበ ነው። ችኩል ጆሮ ሰሙን ብቻ ይዞ ያልፋል። በሌላ በኩል በጎም ነገር አለ፤ ወላጆቻቸው በሸክላና በካሴት የሰሟቸውን ሥራዎች ዛሬ ወጣቶች በአንድ ጣት ፈልገው ያገኟቸዋል። ቀድሞ በአንድ ወረዳ ተወስኖ የነበረ ጨዋታም ባሕር ማዶ የመሻገር ዕድል አግኝቷል።

ገንዘቡ የሚቆምበት ቦታ

መድረክ ለብዙ ድምፃውያን አሁንም ዋናው እንጀራ ነው። የኮሮና ወረርሽኝ በ2012 ዓ.ም መድረኮችን ሲዘጋ ግን በመድረክ ብቻ መኖር ምን ያህል አስጊ እንደኾነ ታይቷል። ሁለተኛ የገቢ ምንጭ የግድ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከውል መጀመር ይገባል። የግጥም፣ የዜማና የቅንብር ባለቤቶች በቁርጥ ክፍያ ላይ በመቶኛ የሚሰላ ድርሻ ቢጨምሩ፣ ውሉም የጊዜ ገደብ ቢኖረው፣ ዘፈኑ በተደመጠ ቁጥር ሁሉም ይጠቀማሉ። ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያዎች፣ ሆቴሎች፣ የሕዝብ ማመላለሻ አውቶብሶችም ዘፈን ለሥራቸው እስከተጠቀሙ ድረስ የሮያሊቲ ክፍያ ባለዕዳዎች ናቸው። አዋጁን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ይህን ክፍያ በጋራ የሚሰበስቡ ማኅበራት እንዲኖሩ መንገድ ከፍቷል፤ የቀረው ሥራ ማኅበራቱን አጠናክሮ ክፍያውን በተግባር መሰብሰብ ነው።

የገጠሩ አድማጭ ጉዳይ ግን የራሱ መፍትሔ ይፈልጋል። ዘፈን የሚጭኑ ሱቆችን በሕገ ወጥነት ፈርጆ መዝጋት ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ለአርሶ አደሩ ሌላ ሙዚቃ ቤት የለውም። ሱቆቹ ፈቃድ ወስደው፣ በየወሩ አነስተኛ ክፍያ ለባለመብቶች ማኅበር እያስገቡ ቢሠሩ ዛሬ በየገበያው ያለው ሰፊ መረብ የሙዚቃው ገቢ ምንጭ መኾን ይችላል።

አርሶ አደሩ ለዘፈን ገንዘብ አልነፈገም። ከኪሱ አውጥቶ ለባለሱቁ ከፍሏል፤ የከተማው ወጣትም ለኢንተርኔት ጥቅል ከፍሏል። ገንዘቡ መንገድ ጀምሯል፤ ባለሙያው ዘንድ ሳይደርስ መሐል ላይ ቆሟል። የሚጎድለው ከሱቁ ጠረጴዛ እስከ ማሲንቆ ተጫዋቹ ደጅ ያለውን ቀሪ መንገድ መጥረግ ነው።