የእንጦጦው ግራዝማች ስንት ገጽ ይበቃዋል?

በጠረጴዛ ዙሪያ የሚካሄድ የትወና ጨዋታ ውስጥ የመሪው ሥራ ከባድ ነው። አራት አምስት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ የቀረውን ሕዝብ ሁሉ፣ ሹሙንም እረኛውንም ጠላቱንም፣ ወክሎ የሚናገረው መሪው ብቻ ነው። እነዚህን ሰዎች ቤቱ ጽፎ ይምጣ ወይስ ሲጠየቅ እዚያው ይፍጠራቸው? ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ»ን እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ ካወጡ ወዲህ ጨዋታው ብዙ ተለውጧል፣ ይህ ጥያቄ ግን ዛሬም ያከራክራል። ጨዋታው የካና እንጦጦ ላይ ሲሆን ደግሞ ክርክሩ ይበረታል። ድራጎን ስለሚኖርበት አገር የተሳሳተ ነገር ብንናገር የሚከፋው ሰው የለም። እንጦጦ ላይ የምንፈጥረው ሰው ግን ጎረቤታችን አያቴ የሚለውን ሰው ሊመስል ይችላል።

መዘጋጀትን የሚደግፉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1870ዎቹ፣ የምኒልክ ግቢ ገና እንጦጦ ላይ ሳለ ነው እንበል። ያልተዘጋጀ መሪ ሽፍታውን ከባሕር ዛፍ ጀርባ ያስወጣዋል፤ ተራራውን የዛሬውን አይቶ ላደገ ሰው ሌላ ዛፍ አይመጣለትም። ባሕር ዛፍ የገባው ግን በ1880ዎቹ፣ አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ነው። ያኔ የነበረው ጥዱ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ የሚመናመን ተራራ ነው። ይህን ያነበበ መሪ ገጸ ባሕርያቱን ከችግሩ ውስጥ ያገኛቸዋል፤ ማገዶ ፍለጋ በየቀኑ ራቅ እያለች የምትሄድ የግቢ ሠራተኛ፣ የቀረችውን ጥድ የሚጠብቅ ጭቃ ሹም፣ እንጨት ከተገኘ ምንጩን የማይጠይቅ አናጺ።

በአማርኛ የሚጫወት ሰው ሌላም ፈተና አለበት። መሪው አፉን ከመክፈቱ በፊት ማን ማንን «አንተ»፣ ማን ማንን «አንቱ» እንደሚል ማወቅ አለበት። ግራዝማቹ ከፊታውራሪው ፊት ቆሞ «ስማ እንጂ» ቢል ጨዋታው እዚያው ይፈርሳል፤ ተጫዋቾቹ ምክንያቱን ባያስረዱ እንኳ ጆሯቸው አይቀበለውም። በእንግሊዝኛ የተጻፉ የመሪ መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ይህን ጉዳይ አያነሱትም፤ ማንሳትም እምብዛም አያስፈልጋቸውም። ለእኛ ግን የገጸ ባሕርዩ ማዕረግ፣ ዕድሜና ዝምድና ከመልኩ ይቀድማሉ።

ከዚህ የሚከብድም አለ። ተራራው ባዶ አልነበረም። ዙሪያው የቱለማ ኦሮሞ አገር ነበር፤ ጉለሌ የሚለው ስም ራሱ የጎሳ ስም ነው። መሪው ሳይዘጋጅ አንድ የአካባቢውን ገበሬ እንዲያናግር ቢገደድ ቶሎ የሚመጣለት ከቀልድ የለመደው አነጋገር ነው። ያ ሰው መሬት፣ ከብት፣ ሽማግሌና የራሱ ስጋት እንዳለው አስቀድሞ ካልታሰበበት ጠረጴዛው ላይ የሚቀርበው መሳቂያ ሆኖ ነው። እኔ በግሌ ከዝግጅት ወገን ክርክሮች ሁሉ ይህንን የሚያህል አላገኘሁም።

ይሁንና በቦታው መፍጠርን የሚመርጡትም ከልምድ ነው የሚናገሩት። ቪንሰንት ቤከር እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው «አፖካሊፕስ ወርልድ» መሪውን ታሪኩን አስቀድመህ አትቀምር፣ ለሁሉም ሰው ስምና ግልጽ ፍላጎት ስጥ፣ የሚሆነውን እየተጫወትክ እወቅ ይለዋል። ምክሩ ከምን እንደመጣ በቅርቡ አብሬ በተጫወትኩበት አንድ ጨዋታ ገብቶኛል። መሪያችን የካ ተራራ ላይ ከአለት ለተፈለፈለው ለዋሻ ሚካኤል አንድ መነኩሴ አዘጋጅቶ ነበር፤ ትውልዱን፣ የመነኮሰበትን ምክንያት፣ የደበቀውን ብራና ሁሉ። መንገድ ላይ ግን ከብት የሚጠብቅ ልጅ አጋጠመንና አንደኛችን «ጎረምሳው፣ ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው?» አለው። መሪው ትንሽ አሰበና «አሞሌዋ ጠፋችብኝ፤ ጌታዬ ይገርፈኛል» አለ። ሌሊቱን ሙሉ የፈለግነው ያችን አሞሌ ጨው ነበር፤ ማን ወሰዳት፣ ጌታው ማነው፣ ለምንስ ለአንድ ልጅ አሞሌ ሰጥቶ ላከው። መነኩሴው ዘንድ አልደረስንም። ሦስት ገጽ የጻፈ ሌላ መሪ ቢሆን ልጁን ቶሎ አሰናብቶ ወደ ዋሻው ይነዳን ነበር። የዝግጅት ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ የደከሙበትን ሰው ሳያሳዩ መቅረት ያንገበግባል፣ ተጫዋቹም የመምረጥ ነጻነቱን ያጣል።

የዝግጅት ወገን ሐዲስ ዓለማየሁን ይጠራል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው ከዋናው ባለታሪክ ከበዛብህ ሳይሆን ከአባቱ ከቦጋለ መብራቱ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱም መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርክ አንድ ሰው ብቻውን ስንቱን ሰው መሆን እንደሚችል አሳይቷል። እውነት ነው። ነገር ግን አንባቢም ሆነ አድማጭ ደራሲው ከቀየሰው መንገድ አይወጣም፤ ተጫዋች ይወጣል። ሌላው ወገን የሚጠራው አዝማሪን ነው፤ እንግዳው የወረወረለትን ስንኝ ተቀብሎ ወዲያው ያዜማል። እሱም ቢሆን ባዶ እጁን አልመጣም። ዜማው፣ የቤት አመታቱ፣ የውዳሴው አገባብ ውስጡ ተቀምጧል፤ አዲስ የሚሆነው ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ነው።

ስለዚህ እኔ ከሁለቱም ወገን የምወስደው አለ። የሕይወት ታሪክ ይቅር፤ በሥራ ላይ የሚውለው ጥቂት ነው። ስሙና ማዕረጉ፣ ማንን አንቱ እንደሚል፣ ዛሬ የሚፈልገው፣ የማን ባለዕዳ እንደሆነ። ለጦር ሰው የፈረስ ስም ልጨምርለት። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ሲባሉ ሁለት ቃል ስለሰውየው ብዙ ይናገራል። ለእንጦጦው ግራዝማችም እንዲህ ያለ ስም ከተገኘለት ግማሽ ገጽ ይበቃዋል። እቴጌ ጣይቱንና ምኒልክን ራሳቸውን ግን ባላናግራቸው እመርጣለሁ፤ ትእዛዛቸው በመልእክተኛ አፍ ይምጣ።

ታሪኩ ዛሬ ላይ ሲሆን ይህ ግማሽ ገጽ አይበቃም። ከእንጦጦ ጫካ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች አዲስ አበባ ያደገ ሁሉ ያውቃቸዋል። አንዷን ወደ ጨዋታ የሚያስገባ መሪ ካላሰበበት ሸክሟን ብቻ ያሳያል፤ ጎንበስ ብላ ታልፋለች፣ ተጫዋቾቹ ያዝናሉ፣ ያበቃል። አስቦበት የመጣ ግን የጫካ ጥበቃውን የትኛው ሰዓት ላይ እንደምትሸሸው፣ ሸክሙን ማን እንደሚገዛት፣ ከፊቷ የምትሄደው ሴት ጓደኛዋ ትሁን ተፎካካሪዋ ያውቃል። ተጫዋቾቹ «እናቴ፣ እናግዝሽ?» ሲሏት «እናንተ ሸክሙን አትችሉትም፤ ይልቅ እዚያ ታች ጥበቃው ቆሞ እንደሆነ እዩልኝ» ትላቸዋለች። አሁን ሥራ የሰጠቻቸው እሷ ናት። በጸበል ቦታ ለሚገኝ ሕመምተኛም እንዲሁ ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው ለድንገተኛ ፈጠራ መተው አግባብ አይመስለኝም።

እረኛው ግን ለፈጠራ ይተው። ከጠረጴዛው ሳይነሱ የልጁን ስም፣ የጌታውን ስምና የጠፋችውን አሞሌ ደብተር ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ተጫዋቾቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው፣ ያኔ እሱም ከመነኩሴው እኩል የተጻፈ ሰው ሆኗል።