ስድብ ያለበት አቤቱታ በር ላይ ይቀራል

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ አንድ አንቀጽ ላውራችሁ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር አንቀጽ 56። ኢትዮጵያ ቻርተሩን እ.ኤ.አ. በ1998 ተቀብላለች። አንቀጹ ባንጁል፣ ጋምቢያ ላለው የአፍሪካ ኮሚሽን አቤት የሚል ሰው ምን ማሟላት እንዳለበት ይዘረዝራል። አቤት ባዩ ማን እንደሆነ ይገለጽ። መጀመሪያ የአገር ቤት ፍርድ ቤት ይሞከር፣ የሚሞከር ካለ። የስድብና የማንቋሸሽ ቃል አይኑርበት። ከሚዲያ በተለቀመ ወሬ ላይ ብቻ የቆመም አይሁን።

እስኪ ትናንት ሼር ያደረጋችሁትን ፖስት ክፈቱት። በዚህ ወንፊት ያልፋል?

በጩኸት አንታማም። ሲኒማ ራስ ጀበና ቡና ከበን የምንውል ሥራ ፈላጊ ምሩቆች ብቻ በቀን የምንለጥፈው ቢሰበሰብ መጽሐፍ ይወጣዋል። ግን ቀን የለውም፣ ቀበሌ የለውም፣ የዓይን ምስክር ቃል የለውም።

ይሄ ምን እንደሚያስከፍል ሁለት መዝገብ ልጥቀስላችሁ። የካታንጋ ሕዝቦች ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1992 ካታንጋ ከዛየር ተለይታ ነጻ እንድትሆን ለኮሚሽኑ አመለከተ። መልሱ በ1995 መጣ፦ የተፈጸመባችሁን የመብት ጥሰት የሚያሳይ ተጨባጭ ማስረጃ የለም። በቃ፣ ተዘጋ። ሁለተኛው የኬንያዎቹ ኢንዶሮይስ ናቸው። በ1970ዎቹ ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ተፈናቀሉ። በ2003 የሕግ ባለሙያዎች ይዘው አቤት አሉ፣ መሬቱ የእኛ ነው ብለው በማስረጃ ተከራከሩ። ኮሚሽኑ ኬንያ ቻርተሩን ጥሳለች አለ፤ ውሳኔው በ2010 ይፋ ሆነ። ሁለቱም «ሕዝብ ነን» ብለዋል። ያሸነፈው ያስረዳው ነው።

ማስረዳት ደግሞ ሙያ ነው፣ ይማሩታል። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከየአፍሪካ አገሩ የሕግ ምሩቃንን እየመረጠ በማስተርስ ያስተምራል። ግማሹን ዓመት ፕሪቶሪያ፣ ግማሹን በሌላ አፍሪካ አገር ባለ አጋር ዩኒቨርሲቲ። ከአጋሮቹ አንዱ ማን መሰላችሁ? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ! የሌላ አገር ልጅ እኛ ከተማ ድረስ መጥቶ ይህን ይማራል። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ከሲኒማ ራስ በእግር የሚደረስ ነው። እኛስ?

ሕግ ያጠናችሁ፣ ማመልከቻውን ተከታተሉት። ሕግ ያላጠናችሁም፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሰብዓዊ መብቶች ማዕከል አለው፤ ሄዳችሁ መስፈርቱን ጠይቁ።

«ሰው እየሞተ ምን ትምህርት?» የሚል አይጠፋም። ይገባኛል፣ እኔም ያንገበግበኛል። ወረቀት ብቻውን እንጀራ እንደማይሆን ዲግሪዬን ታቅፌ ከተቀመጥኩት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ኬንያም ብትሆን ውሳኔውን ለመፈጸም ዓመታት አጓትታለች። ግን ኢንዶሮይስ ዛሬም «ተፈርዶልናል» ብለው ይጠይቃሉ። ያልተመዘገበ ደም ግን ነገ «አልፈሰሰም» ይባላል።

አንድ የሚከብድ ነገር ልጨምር። ከተለያየ አገር ከመጣ ተማሪ ጋር አንድ ክፍል ስትቀመጡ የእናንተ ብቻ ቁስል እንደሌለ ታያላችሁ። የራሱን ወገን ሬሳ ብቻ የሚቆጥር መዝገብ ማንም አያምነውም። የጎረቤቱንም የመዘገበ ነው ስለ ወገኑ ሲናገር የሚደመጠው።

እስከዚያው ለመማር የማያስፈልግ ሥራ አለ። የሰማችሁትን ከመለጠፋችሁ በፊት ጻፉት፦ መቼ፣ የት፣ ማን አየ፣ ማን ነገራችሁ። ኦሪጅናል ፎቶውን ሳትነካኩ አስቀምጡ። የተጎጂውንና የምስክሩን ስም ፌስቡክ ላይ አትልቀቁ፣ ጠብቁት። ስድቡንም አውጡት፤ እውነቱ ብቻውን ይበቃል።