ደህናው መንገድ ይቅደም
ለማራኪና ለጎንደር አንባቢዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለማራኪ ነዋሪዎች፣ በጎንደር ጎዳናዎች ለምትመላለሱ ሁሉ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከተማችን ለመንገድ ጥገና ያላትን ጥቂት ገንዘብ የት ላይ ታውለው ስለሚለው ጥያቄ ነው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ስንጠየቅ መልሳችን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ በጣም የተበላሸው ይቅደም እንላለን። ለጆሮ ፍትሐዊ ነው። እኔ ግን ተቃራኒውን እንድትደግፉ ልለምናችሁ ነው። ገንዘቡ በቅድሚያ ገና ደህና ሆኖ ማርጀት ለጀመረው መንገድ ይዋል።

ምክንያቴ እንዲህ ነው። የመኪናን ክብደት በዋናነት የሚሸከመው ከሥር የተጠቀጠቀው የጠጠርና የተመረጠ አፈር ንጣፍ ነው። የከተማ መንገድ ላይ የምናየው ስስ ጥቁር አስፋልት ትልቁ ሥራው ጣሪያ መሆን ነው፤ ውሃ ወደ ሥር እንዳይዘልቅ ይከላከላል። ጠጠሩን አያይዞ የያዘው ሬንጅ ደግሞ ፀሐይና አየር ሲፈራረቁበት እየደረቀ ይሄዳል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ለሬንጅ ብርቱ ናት። መጀመሪያ አስፋልቱ ይገረጣል፣ ደቃቁ ጠጠር ይለቅቃል፣ ከዚያ ቀጫጭን ስንጥቆች ይታያሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጣ ውሃው በእነዚያ ስንጥቆች ይገባል። ሥሩ ከራሰ አቅም የለውም። በተለይ ዋልካ አፈር ላይ ያረፈ መንገድ፣ አፈሩ በክረምት ሲያብጥና በበጋ ሲሰነጠቅ አብሮ ይናወጣል። ስንጥቆቹ ይያያዛሉ፣ አስፋልቱ ይፈረካከሳል፣ ጉድጓዱ ይከተላል።

ከዚህ ሂደት የምንማረው አንድ ነገር አለ። መንገድ ለብዙ ዓመታት ቀስ ብሎ ያረጃል፤ ሥሩ ውሃ ከገባው በኋላ ግን በጥቂት ክረምት ይወድቃል። ወጪውም አብሮ ይዘላል። የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ የመንገድ ኤጀንሲ እንደገመተው፣ ለሦስት ዓመት ችላ የተባለ መንገድ ማስጠገኛው በወቅቱ ከሚደረግ ጥገና 6 እጥፍ፣ አምስት ዓመት ከተተወ ደግሞ 18 እጥፍ ይሆናል። የዓለም ባንክም በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዓመታዊ የልማት ሪፖርቱ፣ አፍሪካ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በጊዜው ለጥገና ብታወጣ ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን ነበር ብሏል።

እንግዲህ ሁለት መንገዶችን አስቡ። አንዱ ፈጽሞ ፈርሷል፤ ዘንድሮም ሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ አዲስ መሠራቱ አይቀርም። ሌላው ገና መሰንጠቅ ጀምሯል፤ ዘንድሮ በትንሽ ወጪ ይድናል፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ግን ከፈረሰው ጋር ይሰለፋል። ገንዘባችንን ሁሉ በፈረሰው ላይ ካፈሰስን አንድ መንገድ ሠርተን ብዙ መንገድ እናጣለን። በዚህ አካሄድ ወረፋው አያልቅም።

በትንሽ ወጪ ይድናል ስል በምን እንደሆነ ልግለጽ። ስንጥቁ ገና ቀጭን ሳለ ማጽዳትና በሬንጅ ውህድ መሙላት ከሁሉም ርካሹ ሥራ ነው። አስፋልቱ ደርቆና ጠጠሩን እየለቀቀ፣ ሥሩ ግን ጤነኛ ከሆነ፣ ስለሪ ሲል የሚባለው ይበቃዋል። ሬንጅ በውሃ ውስጥ ተበትኖ የሚዘጋጀው ኢመልሽን ከደቃቅ የተፈጨ ድንጋይ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይነጠፋል። ትልቅ የአስፋልት ማምረቻ አይጠይቅም። ቁልቁለትና ዳገት በበዛበት እንደ ማራኪ ባለ ሰፈር ደግሞ ሬንጅ ረጭቶ ጠጠር መበተንና በሮለር መጠቅጠቅ፣ መሐንዲሶች ሰርፌስ ትሪትመንት የሚሉት፣ ሁለት ጥቅም አለው፤ ውሃ ይከለክላል፣ ጎማም ይይዛል። ለዚህ የሚሆን ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ በዙሪያችን ካሉ ተራሮች አይታጣም። ከውጭ የሚገባው ሬንጁ ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከዶላር ጋር ሲመዘን ከግማሽ በላይ ዋጋውን ስላጣ፣ ሬንጅ የሚቆጥብ ዘዴ ሁሉ ክብደት ሊሰጠው ይገባል።

ተደራቢ አስፋልት የሚያስፈልገው ከዚህ ሲያልፍ ነው። ያኔም ቢሆን የተፈረካከሰው ቦታ አስቀድሞ ተቆርጦ ካልወጣና ሥሩ ካልተስተካከለ፣ የታችኛው ስንጥቅ ሳይውል ሳያድር በአዲሱ ላይ ይወጣል። አሮጌው ሳይፋቅ ደጋግሞ መደረብም የመንገዱን ከፍታ ከጠርዙ ጋር ያስተካክለውና ጎርፉን ወደ ሱቅና ወደ ግቢ ይመራዋል። የሚፋቀው አሮጌ አስፋልት ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ለጠጠር መንገዶች ንጣፍ ይሆናል።

ሆኖም ውሃ መውረጃ ካላገኘ የትኛውም ዘዴ አይሰነብትም። ከጎንደር በደባርቅ በኩል ሊማሊሞን የወረደ ሰው፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በዚያ ገደል ላይ መንገድ ሲያወጡ በድንጋይ ድጋፍ ግንቡና በውሃ ማሳለፊያው ላይ ምን ያህል እንደደከሙ አይቷል። ተራራ ላይ መንገድ መሥራት ማለት በመጀመሪያ ለውሃ መንገድ መሥራት ነው። በእኛም ሰፈር አስፋልቱ ከመሐል ወደ ዳር ወደ 2.5 በመቶ ያህል ማዘንበል አለበት፤ ዳር የደረሰው ውሃም ክፍት ቦይ ማግኘት አለበት። በፕላስቲክ ጠርሙስና በአፈር የተደፈነ ቦይ ያለበት መንገድ ምንም ቢጠገን ይበላሻል። ይህ የማዘጋጃ ቤቱ ብቻ ሥራ አይደለም። ቆሻሻውን ወደ ቦይ የምንጥለው እኛ ነን።

የቧንቧ ቁፋሮም እንዲሁ ነው። ለውሃ ወይም ለስልክ መስመር አስፋልቱ ይቆረጣል፣ አፈሩ ሳይጠቀጠቅ ይመለሳል፣ ክረምት ሲገባ ይሰምጣል። በቀጫጭን ንብርብር እየጠቀጠቁ መመለስ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው፤ አለመጠቅጠቅ ግን የመንገዱን እድሜ ይቀንሳል። የጭነትም ነገር አለ። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት የተደረገው ታላቅ የመንገድ ሙከራ፣ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ እንደሚያድግ አሳይቷል። ባጃጆች አስፋልታችንን አልጎዱትም። ከአቅሙ በላይ ድንጋይና አሸዋ ጭኖ በውስጥ ለውስጥ መንገድ የሚያልፍ ሲኖትራክ ግን በአንድ ምልልስ የሺህ መኪኖችን ጉዳት ያደርሳል።

አሁን ከባዱን ጥያቄ ላንሳ። በፈረሰ መንገድ ዳር ያላችሁ፣ በክረምት በጭቃ በበጋ በአቧራ የምትቸገሩ ምን ትሁኑ? ጥበቃችሁ ረጅም መሆኑን አልክድም። የምጠይቀው እንድትረሱ አይደለም። ከበጀቱ የታወቀ ድርሻ ለእናንተ ይመደብ፤ እስኪሠራም ድረስ ጉድጓዱ በአፈር ሳይሆን በተጠቀጠቀ ጠጠር ይሞላ፣ ቦዩም ይከፈት። ከባድ መኪና ለማይበዛበት የውስጥ መንገድ ደግሞ በአካባቢያችን ድንጋይና በወጣቶቻችን እጅ የሚሠራው ኮብልስቶን አለ፤ ሲበላሽ እዚያው ነቅሎ መልሶ መንጠፍ ይቻላል። ዛሬ ደህናውን ማዳን ለነገ የእናንተን መንገድ መሥሪያ ገንዘብ ማትረፍ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ገንዘቡ የእኛም ስለሆነ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ ዋና ገቢው ከነዳጅ የሚሰበሰብ ክፍያ ሲሆን፣ ዓላማውም ጥገና ነው። የባጃጅ ሂሳብ የሚከፍል ተማሪም፣ ጤፍ ከገበያ አስጭና የምታመጣ እናትም ከዚያ ውስጥ ድርሻ አላቸው። ጥገናው አዲሶቹንም መንገዶች ይመለከታል፤ በኮሪደር ልማት የታደሱት ጎዳናዎቻችን እድሜያቸው መቆጠር የጀመረው ለትራፊክ ክፍት ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። የከተማው መንገዶች በሙሉ ያሉበት ሁኔታ የተመዘገበበት ዝርዝር አለ ወይ? ከጥገናው በጀት ስንት እጁ ገና ላልፈረሱት ተመድቧል? ስንጥቅ መሙላቱ ብርዱ ስንጥቁን በሚከፍትበት ከኅዳር እስከ ጥር፣ የሬንጅ ርጭቱ ሙቀት ባለበት በየካቲትና በመጋቢት፣ የቦይ ጠረጋው ከሰኔ በፊት እንዲያልቅ መርሐ ግብር ወጥቷል ወይ? ሠራተኞች ጉድጓድ የሌለበትን መንገድ ሬንጅ ሲቀቡ ካያችሁም «ይህ ምን ሆነና ነው?» ብላችሁ አትቆጡ። አይዟችሁ በሏቸው፤ ከተማዋ ከምታወጣው ብር ሁሉ አብዝቶ የሚያተርፈው እሱ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የከተማችሁ ልጅ