ሦስት የላቲን ፊደላትና የነጋዴው መዝገብ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ዳር ካሉት ሱቆችና የእህል መጋዘኖች መካከል፣ የዱቤና የግዢ መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ያዛወሩ አሉ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን መዝገቡን ማዛወር አንድ ነገር ሲሆን፣ የተዛወረውን መዝገብ ከጥፋት መጠበቅ ሌላ ነገር ነው፤ በዚህ በሁለተኛው በኩል የሚታየው ቸልተኝነት በጊዜ ካልታረመ ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍል ይሆናል።

በቢቸና ጤፍ በኩንታል እየገዛ ወደ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ለማን ስንት ቀብድ እንደ ሰጠ፣ በሞጣም ጨርቃ ጨርቅ በዱቤ የሚሸጥ ባለሱቅ ከማን ስንት እንደሚቀረው የሚያውቀው ከመዝገቡ ነው። መዝገቡ የጠፋበት ሰው ሱቁ ሳይሰበር ገንዘቡ እንደ ተሰረቀበት ይቈጠራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግም ግዴታውን አላነሣም። ግብር ሰብሳቢው ሒሳብ በጠየቀ ጊዜ «ኮምፒዩተሩ ተበላሸ» የሚለው መልስ ለማንም እንደማይጠቅም የታወቀ ነው።

መዝገቡን በኢንተርኔት አማካይነት ሩቅ ቦታ ማስቀመጥ ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሆኖም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቈየቱን የምሥራቅ ጎጃም ነጋዴ አይዘነጋውም። ስለዚህ በየምሽቱ በፍላሽ ላይ የሚገለበጥ መዝገብ ለቢቸናና ለሞጣ እስከ ዛሬ ድረስ ዋነኛው መተማመኛ ነው።

ይህን ግልባጭ የሚሠሩት ትንንሽ ፕሮግራሞች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ሮቦኮፒ የሚባለው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ከቀረበው ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ዋጋ አይከፈልበትም። የሚታዘዘው በሥዕልና በቁልፍ ሳይሆን በአንድ የጽሑፍ መስመር ነው፤ ከየት እንደሚገለብጥ፣ ወዴት እንደሚገለብጥ፣ በመጨረሻም በምን አኳኋን እንደሚገለብጥ ይጻፍለታል። ይህ የመጨረሻው ክፍል አማራጭ ይባላል፤ ከዘንበል ያለ ሰረዝ ቀጥሎ የሚመጣ አንድ ወይም ጥቂት ፊደል ነው። የጥገና ባለሙያው መስመሩን አንድ ቀን ጽፎ በአቋራጭ ምልክት ውስጥ ያኖረዋል፤ ባለሱቁም ከዚያ ወዲያ ምልክቱን እየተጫነ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በውስጡ የተጻፈውን አይቶት አያውቅም።

አስመጪዎችና ላኪዎች በሦስት ፊደል ላይ ምን ያህል ነገር እንደሚንጠለጠል ለመረዳት አስተማሪ አያሻቸውም። በሽያጭ ውል ላይ ኤፍ.ኦ.ቢ. ተብሎ ከተጻፈ የመርከቡ ኪራይ በገዢው ላይ ይወድቃል፤ ሲ.አይ.ኤፍ. ከተባለ ግን ኪራዩንም መድኑንም ሻጩ ይከፍላል። ይህን ሳይለይ የሚፈርም አስመጪ የለም። በሮቦኮፒ መስመር ላይ ኤም፣ አይ፣ አር ተብለው የሚጻፉት ሦስት ፊደላትም ከዚህ ያላነሰ ኃላፊነት ያዛውራሉ፤ ትርጉማቸው መስታወት ማለት ነውና። ፕሮግራሙ ፍላሹን የኮምፒዩተሩ ትክክለኛ መልክ ያደርገዋል፤ በኮምፒዩተሩ ያለውን ሁሉ ይገለብጣል፤ በኮምፒዩተሩ የሌለውን ደግሞ ከፍላሹ ላይ ያጠፋል። የሱቁ ተቀጣሪ የጥቅምትን መዝገብ በስሕተት ከኮምፒዩተሩ ላይ ቢሰርዝ፣ ማታውን መስታወቱ ከፍላሹም ላይ ይሰርዘዋል። መስታወት የቆመበትን ሰው ያሳያል እንጂ ትናንት የቆመውን አያስታውስም።

ከዚህም የባሰ አለ። መስመሩ ፍላሹን የሚያውቀው ኮምፒዩተሩ በሰጠው ፊደል ነው። በሞጣ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፣ ሱቅ ከፎቶ ኮፒና ከጽሕፈት ሥራ ጋር የሚጣመርበት ጊዜ ብዙ ነው እንበል። ደንበኛ የሠርግ ፎቶግራፉን ሊያሳትም ፍላሹን ያመጣል፤ የሱቁ ፍላሽ ተነቅሎ የደንበኛው ይሰካል፤ ኮምፒዩተሩም ያንኑ ፊደል ይሰጠዋል። የመስታወቱ ትእዛዝ በዚያች ሰዓት ከተሠራ የደንበኛውን ፎቶግራፍ አጥፍቶ በምትኩ የባለሱቁን የዱቤ መዝገብ ያስቀምጥለታል። ባለዕዳዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ደንበኛው እቤቱ ገብቶ ያነባል።

ኢ የተባለችው አማራጭ ብቻዋን ብትጻፍ ግን ንዑሳን አቃፊዎችን ጭምር ትገለብጣለች እንጂ ከፍላሹ ላይ ፋይል አትሰርዝም። እርሷም ብትሆን በአሮጌው ግልባጭ ላይ የተበላሸውን አዲስ መዝገብ ከመጻፍ ስለማትመለስ፣ ሁለት ፍላሾችን በየሳምንቱ እያፈራረቁ አንዱን ከሱቅ ውጭ ማሳደር ይገባል። ኤል የተባለችው ደግሞ ከሁሉም የምትወደድ ናት፤ እርሷ ከተጨመረች ፕሮግራሙ ምንም ሳይገለብጥና ምንም ሳያጠፋ ሊያደርግ የነበረውን ብቻ ይዘረዝራል። እህል ነጋዴ ኩንታሉን ከመጫኑ በፊት ባዶውን ሚዛን ማየቱን አይተውም፤ ኤልም የምትሠራው ይህንኑ ነው።

አማራጭ አለመጻፍም በራሱ አንድ ትእዛዝ ነው። ሮቦኮፒ ሊገለብጠው ያልቻለ ፋይል ሲያጋጥመው እንደገና ይሞክራል፤ ሌላ ቍጥር ካልተጻፈለት በቀር የሙከራው ብዛት 1,000,000 ሲሆን በየመካከሉ 30 ሰከንድ ይጠብቃል። ሲባዛ ለአንድ ፋይል ወደ 347 ቀን ይሆናል። በችኮላ መዝገቡን ሳይዘጋ ትእዛዙን የሰጠ ባለሱቅ፣ ማለዳ ሲመለስ ጥቁሩን መስኮት በዚያው ፋይል ላይ ቆሞ ቢያገኘው ኮምፒዩተሩን ሊወቅስ አይገባም። አርና ደብልዩ በተባሉት ሁለት አማራጮች ሁለት ሙከራና አምስት ሰከንድ ተብሎ ቢጻፍ ነገሩ ያልቃል።

የሰዓቱም ነገር አለ። ግልባጩ በራሱ ጊዜ እንዲጀምር በዊንዶውስ መርሐ ግብር ሲያዝ፣ ሱቁ የሚዘጋው ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው ተብሎ 12፡00 ቢጻፍ ሥራው የሚጀምረው በቀትር፣ ማለትም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ6 ሰዓት ነው። የከሰዓት በኋላው ሽያጭ በሙሉ እስከ ማግሥቱ ድረስ ያለ ግልባጭ ያድራል። ትክክለኛው ጽሑፍ 18፡00 ነው። እንዲሁም ሰኔ 30 ቀን የሚዘጋውን የዓመቱን መዝገብ ለብቻው ለማስቀመጥ የሚሻ ነጋዴ ጁላይ 7 ብሎ ማስጻፍ አለበት።

«ይህ የባለሙያው ሥራ ነው፤ ነጋዴ የባዕድ ፊደል ሊማር አይገባውም» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ባለሙያው በሙያው ይከበር፤ ዳሩ ግን ባለሙያው ነገ ወደ ባሕር ዳር ይዛወራል፣ ስልኩም ይዘጋል፤ ዕዳው ግን የሚቀረው በነጋዴው ስም ነው። ነጋዴው የውሉን ቃል ጠበቃ ቢጽፍለትም አስነብቦ ይፈርማል እንጂ ጠበቃ ጽፎታል ብሎ ዝም አይልም።

ስለዚህ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ኮምፒዩተሩን የሚያስጠግን ነጋዴ ክፍያውን ከመስጠቱ በፊት አንድ ወረቀት ቢጠይቅ መብቱ ነው። በወረቀቱ ላይ የትእዛዙ መስመር እንዳለ ይገለበጣል፤ በእያንዳንዱ ፊደል ትይዩ ትርጉሙ በአማርኛ ይጻፋል፤ የተጻፈበት ቀንና የባለሙያው ፊርማ ይታከልበታል። የየከተማው የንግድ ምክር ቤት አንድ ናሙና አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል ወጪው ከወረቀት ዋጋ አያልፍም። ወረቀቱም ከንግድ ፈቃዱ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከደረሰኞቹ ጋር በመሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ ይሻላል፤ ፍላሹ የት እንደሚያድር ተጽፎበታልና።