የመንገድ ጥያቄ ልመና አይደለም

የፓርላማ ስብሰባ የሚከታተል ሁሉ ነገሩን በቃሉ ያውቀዋል። እንደራሴው ተነሥቶ የአካባቢያችን መንገድ መቼ ይሠራል ይላል፤ ባለሥልጣኑ ጥናት ላይ ነው ይላል፤ እንደራሴው ይቀመጣል። ይህ ክርክር አይደለም፤ ማመልከቻ ማስገባት ነው።

መቱ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ዛሬ ዓይኗ በበደሌ በኩል ወደ መሀል አገር ነው። ድሮ ግን የኢሉባቦር ቡና በጎሬ አድርጎ ጋምቤላ ይወርድና በባሮ ወንዝ፣ በእንፋሎት መርከብ ሱዳን ይገባ ነበር። ለጋምቤላ የንግድ ጣቢያ መሠረት የሆነው ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተዋዋሉት ውል ነው። ታዲያ የምዕራቡ በር ለምን ተዘጋ? መንገዱ ሁሉ ለምን ወደ አዲስ አበባ ብቻ ያመራል? የትራንስፖርት ፖሊሲ ጥያቄ ማለት ይህ ነው።

«መራጩ የላከን ለመንገድ ነው» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው። ግን አምና «ጥናት ላይ ነው» የተባለው የት ደረሰ ብሎ ዘንድሮ የማይጠይቅ እንደራሴ ጥያቄውን ለካሜራ ነው ያቀረበው።

የሚፈራበትም ምክንያት የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ምክር ቤቱ አስፈጻሚውን እንዲጠይቅና እንዲመረምር ሥልጣን ሰጥቶታል። አንቀጽ 54 ደግሞ እንደራሴው በምክር ቤት በሚሰጠው አስተያየት እንዳይከሰስ ይጠብቀዋል። ያው አንቀጽ የመራጩን አመኔታ ያጣ እንደራሴ ከወንበሩ ሊነሣ እንደሚችልም ይደነግጋል።

የመቱ፣ የጎሬና የያዮ መራጭ ይህቺን የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሞ ያንብባት።