ያለ ካፊል የሚሰጠው ኢቃማ ለማን ነው?

«አረብ ሀገር መሄድ» ሲባል በአብዛኞቻችን ቤት የሚታሰበው መንገድ አንድ ነው። ኤጀንሲ ወይም ደላላ፣ የሥራ ውል፣ ካፊል፣ ከዚያ ኢቃማ። የመኖሪያ ፈቃዱ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ከማዳሟ ቤት ጥላ የወጣች እህት የምታጣው ደመወዟን ብቻ አይደለም፤ በሀገሩ በሕጋዊነት የመቆየት ዕድሏም አብሮ ይናጋል። ካፋላ የሚባለው ይህ አሠራር በባሕረ ሰላጤው ሀገራት በየጊዜው ማሻሻያ ቢደረግበትም፣ የቤት ሠራተኞች ጋ ሲደርስ ዛሬም ክንዱ ከባድ ነው።

ከዚያው አካባቢ ነው እንግዲህ ሌላ በር የተከፈተው። ዱባይ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ለርቀት ሠራተኞች የአንድ ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት እንደምትጀምር አስታወቀች። በመጋቢት 2021 ደግሞ የተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ ፌዴራል መንግሥት ይህንኑ ለመላ ሀገሪቱ አጸደቀው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደመወዝህን የሚከፍልህ ድርጅት ውጭ ሀገር ይሁን፤ አንተ በኮምፒውተርህ ከዱባይ ወይም ከሻርጃ ሆነህ ሥራ፤ የሀገሩን ሰው የሥራ ቦታ አትነካም፤ ገንዘብህን ግን እዚህ ታወጣለህ። ካፊል የለም፤ ስፖንሰሩ አመልካቹ ራሱ ነው። ወቅቱ ኮቪድ ሆቴሉንና አፓርታማውን ባዶ ያደረገበት ስለነበር የውሳኔው ምክንያት ብዙም ምርምር አይፈልግም።

ልዩነቱ ያለው በገቢው መጠን ላይ ነው። ዱባይ መጀመሪያ የጠየቀችው በወር 5,000 ዶላር ነበር፤ በኋላ መስፈርቱ ወደ 3,500 ዶላር ዝቅ ብሏል። ይህ በድርሃም ሲመነዘር 12,850 ገደማ ይሆናል። በቤት ሠራተኝነት የሄደች ኢትዮጵያዊት በአብዛኛው የምታገኘው በወር አንድ ሺህ ድርሃም አካባቢ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ስሌቱ ግልጽ ነው። አንዱ ወገን «ያለ ካፊል ግባ» ለመባል በወር ማሳየት ያለበት ገንዘብ፣ ሌላኛዋ በካፊል ሥር ሆና ዓመቱን ሙሉ ከምታገኘው ይበልጣል። ሁለቱም በአንድ አውሮፕላን ሊሄዱ ይችላሉ፤ አንድ ጎረቤት ያሳደጋቸውም ሊሆኑ ይችላሉ።

ታዲያ ይህ ጉዳይ እኛን ምን ያገባናል? ያገባናል። በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋ፣ በደሴ ለውጭ ድርጅት ኮድ የሚጽፉ፣ ዲዛይን የሚሠሩ፣ የሒሳብ መዝገብ የሚይዙ፣ የሚተረጉሙ ወጣቶች እየበዙ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው «የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች» ሥልጠና የሚካሄደው ከዚህችው ከኤሚሬትስ ጋር በመተባበር ነው። ሥልጠናውን ከጨረሱት ጥቂቶቹም እንኳ የውጭ ደንበኛ ማግኘታቸው አይቀርም፤ ያን ጊዜ ደግሞ የመብራትና የኢንተርኔት ጉዳይ ይመጣል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲቋረጥ የውጭ ደንበኛ የነበረው ሰው ምን እንደደረሰበት መገመት ይቻላል። ደንበኛው የሚያየው ሥራው በቀኑ መድረሱን ብቻ ነው። ስለዚህ «ሥራዬን ይዤ ወደ ተረጋጋ መስመር ልውጣ» ማለት ምቾት ፍለጋ ብቻ አይደለም፤ ለአንዳንዱ ሥራውን የማቆየት ጉዳይ ነው።

ለሙስሊሙ ደግሞ የሀገር ምርጫው የራሱ መለኪያ አለው። አዛን የሚሰማበት፣ ሐላል ምግብ ፍለጋ የማይኬድበት፣ ሴት ልጅ ሒጃቧን ለብሳ ትምህርት ቤት የምትገባበት ቦታ ይመረጣል። ስፔንና ፖርቱጋል ለርቀት ሠራተኞች ያወጡት ቪዛ በብዙ ሰው ዘንድ የታወቀ ቢሆንም፣ ከእኛ አንባቢዎች ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዱባይ፣ ስለ ኢስታንቡልና ስለ ኩዋላ ላምፑር የሆነው ለዚህ ነው።

ወረቀቱ የሚሰናከልበት ቦታ

የኤሚሬትሱ ፈቃድ የሚጠይቃቸው ሰነዶች ሲታዩ ብዙ አይደሉም። ቢያንስ ስድስት ወር ቀሪ ጊዜ ያለው ፓስፖርት፣ በኤሚሬትስ የሚሠራ የጤና መድን፣ ከውጭ ድርጅት ጋር የተፈረመ የሥራ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃና የባንክ ስቴትመንት። የራሱ ድርጅት ያለው ሰው በውሉ ፋንታ ድርጅቱ የእርሱ መሆኑንና ቢያንስ አንድ ዓመት የሞላው መሆኑን ያሳያል። እዚያ ከደረሱ በኋላ የጤና ምርመራና የኤሚሬትስ መታወቂያ ይቀጥላል። ያ መታወቂያ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤት መከራየት፣ የስልክ መስመር ማውጣት፣ ልጅ ትምህርት ቤት ማስመዝገብ ሁሉ በእርሱ ይጀምራል።

ኢትዮጵያዊው አመልካች የሚቸገረው በሁለቱ ላይ ነው፤ በውሉና በባንክ ስቴትመንቱ።

ውሉን እንይ። አብዛኛው ወጣታችን የሚሠራው ተቀጥሮ ሳይሆን በፍሪላንስ ነው። ዛሬ ለአንዱ ሎጎ ይሠራል፣ በሳምንቱ ለሌላው ድረ ገጽ ይጠግናል። ገቢው ከ3,500 ዶላር በላይ ቢሆን እንኳ «አሠሪህ ማነው?» ሲባል አንድ ስም መጥራት አይችልም። የኤሚሬትሱ ደንብ የተቀረጸው በዋናነት ወርሃዊ ደመወዝ ላለው ተቀጣሪና ለድርጅት ባለቤት ነው። ስለዚህ ከትልቁ ደንበኛው ጋር የዓመት ውል መፈራረም ወይም ሥራውን በሀገር ውስጥ በንግድ ፈቃድ ማስመዝገብ ከማመልከቻው ቢያንስ አንድ ዓመት ቀድሞ የሚጀመር ሥራ ነው። ቪዛውን ሲያስብ ይህን የሚጀምር ሰው ዘግይቷል።

ባንኩ ላይ ያለው ችግር ደግሞ የራሳችን ሀገር የሠራው ነው። ለዓመታት በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው የምንዛሪ ልዩነት ሰፊ ስለነበር፣ ከውጭ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ክፍያውን ውጭ ባለ ዘመድ አካውንት አስገብቶ እዚህ በብር መቀበልን ለመደ። በወቅቱ ትርፉ የሚታይ ነበር፤ ኪሳራው ግን አይታይም። አሁን ቪዛ ሲጠየቅ ኪሳራው ብቅ ይላል። ሰውየው በወር 4,000 ዶላር ቢሠራም በስሙ የገባ አንድ ዶላር የለም። ያለው በብር የተቀመጠ፣ ከየት እንደመጣ ስቴትመንቱ የማይናገረው ገንዘብ ነው። የቪዛ መርማሪ ደግሞ ቃል አይሰማም፤ ቁጥር ነው የሚያነበው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱን ወደ ገበያ መር ሲቀይር፣ ከዜናው ሁሉ የጎላው የብር መውረድ ነበር። ለርቀት ሠራተኛው ግን በዚያው መመሪያ ውስጥ ብዙም ያልተወራለት አንቀጽ ይበልጥ ይጠቅማል። በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ፣ በውጭ ምንዛሪ በሚከፈለው ደመወዝና መሰል ገቢዎች መነሻነት የውጭ ምንዛሪ አካውንት እንዲከፍት ተፈቅዶለታል። በየወሩ በአንድ ቀን አካባቢ፣ ከአንድ ላኪ፣ በዶላር የገባ ደመወዝ የሚያሳይ ስቴትመንት ማንም ደላላ ሊሠራው ከሚችለው ወረቀት በላይ ክብደት አለው።

ደላላ ካልን አይቀር፣ በቀጥታ እንናገር። «የርቀት ሥራ ቪዛ» የሚለው ስም ራሱ ለማታለል የተመቸ ነው። «ዱባይ ሄደህ ሥራ የምትፈልግበት ቪዛ ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ውሸት ነው። ይህ ፈቃድ በኤሚሬትስ ላለ ድርጅት ተቀጥሮ መሥራትን አይፈቅድም። በዚህ ፈቃድ ገብቶ ሱቅ ወይም ሬስቶራንት ውስጥ ሲሠራ የተገኘ ሰው ያለ ፈቃድ እንደሠራ ይቆጠራል፤ ጊዜው አልፎበት ለቆየ ደግሞ ቅጣቱ በቀን 50 ድርሃም ነው። በ2024 የፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ወራት ኤሚሬትስ ምሕረት ባወጀች ጊዜ የተሰለፈውን ሕዝብ ያየ ሰው ይህ ዕዳ እንዴት እንደሚጠራቀም ያውቃል።

ሌላው የሐሰት የደመወዝ ደብዳቤና ስቴትመንት ነው። ከሕጉ በፊት ዲኑ አለ። በዘመናችን ብዙ ዑለማዎች ቪዛን የሚያዩት በተቀባዩ ሀገርና በገቢው መካከል እንዳለ ውል ነው፤ ሙስሊም ደግሞ በገባበት ውል የታሰረ ነው። በሐሰት ወረቀት የተገኘ ኢቃማ ላይ ሐላል ኑሮ ልገንባ ማለት መሠረቱን ያላየ ግንበኝነት ነው። በነገራችን ላይ ቪዛው የማይጠይቀው፣ ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ፤ ያ ከውጭ የሚከፍለው ድርጅት ምን የሚሠራ ነው? ቁማር ነው? የወለድ ብድር ነው? 3,500ው ዶላር ከየትም ቢመጣ ለመርማሪው አንድ ነው። ለእኛ አንድ አይደለም።

ሌሎቹ በሮች

ቱርክ በ2024 ተመሳሳይ ቪዛ አወጣች። ገቢው በወር 3,000 ዶላር፣ ዕድሜው ከ21 እስከ 55፣ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ። ይህን የሚያሟላ ኢትዮጵያዊ አይጠፋም፤ ግን ማመልከት የሚችሉት በዝርዝር የተጠቀሱ ሀገራት ዜጎች ናቸው፤ የአውሮፓ ሀገራት፣ አሜሪካ፣ ካናዳ፣ ሩሲያ፣ ዩክሬንና ጥቂት ሌሎች። ኢትዮጵያ የለችበትም። «የሙስሊም ሀገር ስለሆነ ይቀበለናል» የሚለው የዋህ ግምት እዚህ ላይ ይቆማል፤ የሚታየው የፓስፖርቱ ቀለም ነው። የአሜሪካ ወይም የስዊድን ፓስፖርት የያዘ ወንድማችን ግን በዚያው በር ያልፋል። ኢንዶኔዥያም ለርቀት ሠራተኛ የአንድ ዓመት ፈቃድ ብትሰጥም በዓመት 60,000 ዶላር ትጠይቃለች፤ ይህ ከእኛ መካከል ለጣት ለሚቆጠሩ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ ለሐረመይን ካላት ቅርበት አንጻር የብዙ ሰው ምኞት ናት። በ2019 የጀመረችው «ፕሪሚየም ኢቃማ» ካፊል አይፈልግም፤ ነገር ግን ዓመታዊው ክፍያ 100,000 ሪያል፣ የዘላቂው ደግሞ 800,000 ሪያል ነው። በኋላ ለልዩ ባለሙያዎች በአነስተኛ ክፍያ የሚሰጡ ዓይነቶች ተጨምረዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ለርቀት ሠራተኛ ተብለው የተዘጋጁ አይደሉም።

በእኔ ግምት ለኢትዮጵያዊ ፍሪላንሰር ከሁሉም የተሻለ የሚስማማው የማሌዥያው ነው። «ዲኢ ራንታው» የሚባለው ይህ ፈቃድ በ2022 የተጀመረ ሲሆን፣ በዲጂታል ሙያ ለተሰማራ ሰው የሚጠይቀው ገቢ በዓመት 24,000 ዶላር፣ ማለትም በወር 2,000 ነው። በኋላ ከዲጂታል ሙያ ውጭ ላሉትም ተከፍቷል፤ ለእነርሱ ግን ዝቅተኛው የገቢ መስፈርት ወደ 60,000 ዶላር ከፍ ይላል። ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ወር ይሰጣል፤ ለተጨማሪ አሥራ ሁለት ወር ሊታደስ ይችላል፤ የትዳር አጋርንና ልጆችን ማካተት ይቻላል። ትልቁ ልዩነት ፍሪላንሰርን በስሙ ጠርቶ የሚቀበል መሆኑ ነው፤ ከደንበኞች ጋር ያሉ ውሎችን ማቅረብ ይበቃል። ጉድለቱ ርቀቱና ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዘላቂ ኑሮ የሚወስድ መንገድ አለመሆኑ ነው።

ስለ ግብርም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ «ዱባይ ግብር የለም» የሚለው ወሬ ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው። ኤሚሬትስ ከደመወዝ ላይ ግብር አትቆርጥም፤ እውነት ነው። የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ግን መኖሪያው ኢትዮጵያ የሆነን ሰው፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ እዚህ የቆየን ሰው፣ በነዋሪነት ይቆጥረዋል፤ ነዋሪ ደግሞ ከየትኛውም ዓለም ያገኘው ገቢ ይመለከተዋል። ቤተሰቡን አዲስ አበባ ትቶ እየተመላለሰ የሚኖር ሰው «እኔ እኮ የዱባይ ነዋሪ ነኝ» ማለቱ ብቻ አያድነውም። በተቃራኒው ደግሞ ከኤሚሬትስ ውጭ በተከታታይ ከ180 ቀናት በላይ ከቆየ ኢቃማው ራሱ ሊሰረዝበት ይችላል።

የኑሮው ወጪም ከመስፈርቱ ጋር አንድ አይደለም። 3,500 ዶላር ለመግባት የሚበቃ ነው፤ ባለትዳርና የልጆች አባት ለሆነ ሰው ዱባይ ላይ ለመኖር ይበቃል ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ኪራይ በዓመት ተሰልቶ በጥቂት ቼኮች ይከፈላል፤ አንዳንዴ ሙሉው በአንድ ቼክ። ገና መታወቂያ ያላወጣና የቼክ ደብተር የሌለው አዲስ መጤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በውድ የወር ኪራይ ነው የሚያሳልፈው። የትምህርት ቤት ክፍያ ይጨመርበታል። ብዙዎች ሻርጃን ወይም ዓጅማንን የሚመርጡት ኪራዩ ስለሚቀል ነው፤ ለርቀት ሠራተኛ የጠዋት የመንገድ መጨናነቅ ስለማይነካው ምርጫው ሚዛን ይደፋል።

የመጨረሻው ስለ ረመዳን ነው። በኤሚሬትስ የሠራተኛ ሕግ መሠረት በረመዳን የሥራ ሰዓት በቀን በሁለት ሰዓት ይቀንሳል። ይህ ግን ለሀገሩ ድርጅቶች ሠራተኞች ነው። አሠሪው ኒውዮርክ ያለ ሰው ስብሰባው የሚጀምረው ልክ እዚህ ኢፍጣርና ተራዊሕ ሲደርስ ነው፤ የሀገሩ ሕግ ለእርሱ ምንም አያደርግለትም። የጁሙዓም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ ኤሚሬትስ ከ2022 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዓርብን የግማሽ ቀን ሥራ ብታደርግም ለንደን ያለው አለቃ ይህን አያውቅም። መስጂዱ ከቤቱ በር ላይ ሆኖ ሰዓቱ በሌላ ሀገር ሰው እጅ እንዳይሆን፣ የሥራ ውሉ ሲፈረም የሶላትና የረመዳን ሰዓትን አብሮ መጻፍ ይቻላል። ብዙ የውጭ ድርጅቶች ቀድሞ ከተነገራቸው የሚከለክሉት ነገር አይደለም፤ ውሉ ከተፈረመ በኋላ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ይለያያል።